ካሜራው ይፍረድ

«ካሜራው ይፍረድ» ያለችው ራሷ ዙፋን ናት። ማንም አላስገደዳትም። በሰፈሩ ስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ «ጅቧ ትገደል!» ሲል ብድግ ብላ «ካሜራ እተክላለሁ፤ በጉን የምትበላው እሷ ከሆነች ተኩሱ፤ ካልሆነች ግን ልቀቋት» አለች። ሰውም እሺ አለ። ምን ቸገረው!

ጅቧ የምትኖረው አቃቂ ወንዝ ዳር፣ ድንጋዩ አልቆ በተተወ ካባ ውስጥ ባለ ዋሻ ነው። ግራ ጆሮዋ ስለተቆረጠ የካባው ዘበኛ ጋሽ ሂርጳ «ቆራጣዋ» ይሏታል። ሁለት ልጆች ወልዳለች። ዙፋን በዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት አስራ ዘጠኝ ዓመት ስትቆጥርና ስትመዘግብ ኖራለች፤ አንድ ነፍስ ግን አድና አታውቅም። ይህችን ማዳን ፈለገች። ለምን ይህችን? እንዲሁ ወደደቻት።

ከሳሹ ሀይረዲን ነው፣ ከመንገዱ ማዶ በረት ያለው በግ ነጋዴ። ክፉ ሰው አይደለም። በሦስት ሳምንት አራት በግ ሲጠፋበት ምን ያድርግ? ሌባ ይውሰደው ጅብ ይብላው ያየ የለም።

ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ዙፋን ከሳሪስ አቦ በሚኒባስ መጥታ ካሜራውን ከዋሻው በር ፊት ለፊት ካለ ባሕር ዛፍ ጋር በቀበቶ አሰረችው። ጡብ የሚያክል ነገር ነው። ሆዱ ውስጥ ሲም ካርድ አለው፤ ፊቱ የተንቀሳቀሰውን ሁሉ አንስቶ ወደ ስልክ ይልካል። ሁለት ቁጥር አስገባች፤ የራሷንና የአለቃዋን የአቶ ብሩህን።

«ጋሽ ሂርጳ፣ እስቲ አንዴ እንደ ጅብ ሆነው ይለፉልኝ።»

«እኔን ነው?»

«ታዲያ እዚህ ሌላ ማን አለ? ጎንበስ ይበሉ፣ ቁመቱን ልየው።»

«አይ አንቺ ልጅ፣ በስተርጅና ጅብ አደረግሽኝ!» እያሉ በእጅና በጉልበታቸው ድኸው አለፉ። ስልኳ ጢጥ አለ። ፎቶው ላይ ጋሽ ሂርጳ ከነኮፍያቸው ቁጭ ብለዋል። ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

የቀረው ሰዓቱን መሙላት ነበር። ብርዱ ጀምሯል፣ ታክሲውም ሊያመልጣት ነው።

«ስንት ሰዓት ነው?»

ጋሽ ሂርጳ የእጅ ሰዓታቸውን አይተው «አስራ አንድ» አሏት።

አስራ አንድ ብላ ጻፈች። ካሜራው ኤ ኤም ነው ወይስ ፒ ኤም ብሎ ጠየቃት። እየመሸ አይደል? ፒ ኤም አለችው። ክዳኑን ዘግታ በሩጫ ወረደች።

በዚያው ሌሊት የሀይረዲን አምስተኛ በግ ጠፋ። የበረቱ ጠባቂ ውሾቹ ሲጮኹ ሰዓቱን አይቷል፤ ልክ ከሌሊቱ አስር። ካባው ውስጥ ኔትወርክ የሚሻለው ጠዋት ነውና ፎቶዎቹ ሲነጋ ተከታትለው ገቡ። በመጀመሪያው ቆራጣዋ ከዋሻዋ ትወጣለች፤ ከሥሩ 3:00 ኤ ኤም ይላል። በሁለተኛው አጥንት ነክሳ ትመለሳለች፤ 5:00 ኤ ኤም ይላል። ሦስተኛው አልከፈት ብሎ ይሽከረከራል። ማን ይጠብቀዋል!

አቶ ብሩህ በጣቱ ቆጠረ። «ሦስት ኤ ኤም በእኛ ከሌሊቱ ዘጠኝ ነው። አምስቱ አስራ አንድ። በጉ የጠፋው አስር ላይ። ወጥታ ነበር ማለት ነው።» ከዚያ፣ እግዜር ይስጠው፣ ጠየቃት፤ «ሰዓቱ ግን ትክክል ነው?»

«እኔ ራሴ ነኝ የሞላሁት» አለች ዙፋን። ቃል ቃል ነው ብላ «ትገደል» ከሚለው ወረቀት ግርጌ ፈረመች።

ሐሙስ ተኩሱን ላለመስማት አርፍዳ፣ በአራት ሰዓት ካሜራውን ልትፈታ ሄደች። ጋሽ ሂርጳ ከጎጇቸው በር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። እንደ ወትሮው አልተነሱላትም።

«መቼ ነው?» አለች።

«አንድ ሰዓት ላይ። በአንድ ጥይት።»

እሷም አጠገባቸው ተቀምጣ ስልኳን ከፈተች። አዲስ ፎቶ ገብቷል፤ ሁለት ሰዎች ጠመንጃ ይዘው፣ የጠዋት ፀሐይ ፊታቸው ላይ። ከሥሩ 1:00 ፒ ኤም ይላል። ደግማ አየችው። አንድ ፒ ኤም ማለት በእኛ ሰባት ሰዓት፣ የምሳ ሰዓት ነው። ገና ሦስት ሰዓት ይቀረዋል። ያልደረሰ ሰዓት እንዴት ፎቶ ላይ ይጻፋል?

ያኔ ገባት። ኧረ ምነው እግዜር! ጋሽ ሂርጳ የነገሯት በሀበሻ ሰዓት ነው፤ ሌላ በምን ይንገሯት? እሷም እንዳለ ሞላችው። ካሜራው የዋለ ያደረው በእኛ አቆጣጠር ነው። ሦስት ያለው ከምሽቱ ሦስት ነው፣ አምስት ያለውም ከምሽቱ አምስት። እሷና አቶ ብሩህ ግን በፈረንጅ መስሏቸው ስድስት ሰዓት ጨመሩበት።

ያን ያልተከፈተውን ሦስተኛ ፎቶ ነካችው። አሁን ተከፈተ። ድቅድቅ ጨለማ ነው። ቆራጣዋ ዋሻው በር ላይ ጎኗን ሰጥታ ተኝታለች፤ ሁለቱ ልጆቿ ይጠባሉ። ከሥሩ 10:00 ይላል። በጉ በጠፋበት ሰዓት ቤቷ ነበረች።

ለአቶ ብሩህ ደወለች። እስክትጨርስ ሰማትና ተነፈሰ። «እና አሁን ምን ላድርግ ዙፋን? ሞታለች እኮ። ለሌላ ጊዜ ይስተካከል።» ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ፤ እሷም የጮኸችው ጅቧ ከሄደች በኋላ ነው።

ጋሽ ሂርጳ ሁሉንም ሰምተዋል። መሬት መሬት እያዩ «እኔ ምን አውቄ ልጄ፣ ሰዓት ጠየቅሽኝ፣ ነገርኩሽ» አሉ።

«እርስዎ ምን አደረጉ? እኔ ነኝ የገደልኳት» አለች። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች።

ስልኳ ጢጥ አለ። ካሜራውን ገና አልፈታችውም። ሁለቱ ትንንሾች ከዋሻው ወጥተው፣ እናታቸው ወደምትመጣበት መንገድ እያዩ ቆመዋል።

«ጋሽ ሂርጳ፣ አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

«አራት ከሃያ።»

ከፎቶው ሥር 4:20 ይላል።