በስሶቹ ብረቶች መሃል
ወልደሩፋኤል ጣቱን ከሞተሩ ላይ መንጭቆ አነሣ። ብረቱ ግሏል።

"አስቁመው በለው" አለ። "ጉልበቱን ዳገቱ ሳይሆን ይሄ ብረት ነው የሚበላው።"

አብዱልሀሚድ፣ የአልዩ አምባው ነጋዴ፣ ዘይላ ሲመላለስ በለመዳት ፈረንሳይኛ ለፈረንጁ መሐንዲስ ለሙሴ ፔሬ ነገረው። ፈረንጁ ሽቦውን ኤሌክትሪክ ከሚሰጠው የአሲድ ማሰሮ ነቀለ። ክንድ የማትሞላው የመሞከሪያ የእንጨት ባቡር በዳገታማው ሐዲዷ ላይ ወደ ኋላ ተንሸራተተች።

ጊዜው 1881 ዓ.ም. ነው። ሙሴ ፔሬ ያለ ከሰል የሚሄድ ባቡር ለሸዋ እሠራለሁ ብሎ አንኮበር ከገባ ስድስት ወሩ ነው። አሁን የቀሩት ሁለት ማሰሮዎች ብቻ ናቸው፤ ሌላ ከባሕሩ እስኪመጣ አራት ወር ይፈጃል። ቅዳሜ ደግሞ የንጉሡ ግቢ ሹም አዛዥ ገብረአማኑኤል ሊያዩት ነው።

ወልደሩፋኤል ለግቢው ልጓምና ማጭድ መቀጥቀጥ ከጀመረ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። በስሙ የጠራው የለም፤ "ያ ቡዳ" ነው የሚሉት። ምግቡን በገል አድርገው ከበር ውጭ ያስቀምጡለታል። ቅዳሜ ማን ሠራው ሲባል ስሙ በአዛዡ ፊት እንዲጠራ ፈለገ። ሌላ ምንም አልፈለገም።

"የሞተሩን የመሃል ድፍን ብረት ስጡኝ" አለ። "ስስ ስስ አድርጌ ደርቤ እመልሰዋለሁ።"

አብዱልሀሚድ የፈረንጁን መልስ ሰምቶ ሳቀ። "የፓሪስ ሊቃውንት ያልታያቸው ላንተ እንዴት ታየህ ይላል።"

"እነሱ ጣታቸውን አላቃጠሉማ።"

መጀመሪያ ስሶቹን ብረቶች እንዲሁ ደራረባቸው፤ ሲሞከር እንደ ድፍኑ ጋሉ። ያጋላቸው እርስ በርሳቸው መነካካታቸው እንደሆነ ጠረጠረ። ሚስቱ በሰለች የግራር ሙጫ አፈላችለት። አንድ በአንድ ቀባ፣ አደረቀ፣ ደረበ። ለማንም አልተናገረም።

ቅዳሜ ባቡሯ ዳገቱን ወጣች። መልሰው ከታች አስነሷት፤ ደግማ ወጣች። በአንድ ማሰሮ ሦስት ጊዜ። ወልደሩፋኤል ብረቱን ዳሰሰ፤ ለብ እንኳ አላለም።

"ማን ሠራው?" አሉ አዛዥ።

ሙሴ ፔሬ ብዙ ተናገረ። ወልደሩፋኤል ፈረንሳይኛ አያውቅም፤ ስሙን ግን ያውቃል። እስኪጨርስ ጆሮውን ጥሎ ጠበቀ። ስሙን አልሰማም።

"እኔ ነኝ ይላል" አለ አብዱልሀሚድ። "አንድ ቀጥቃጭም ረድቶኛል ይላል።"

"ለቀጥቃጩም የሚበላ ስጡት" አሉ አዛዥ።

በገል አድርገው ከበር ውጭ አስቀመጡለት። ጥቂት ቆይቶ አብዱልሀሚድ መጥቶ አጠገቡ ቁጢጥ አለ።

"ወንድሜ፣ ሙሴ ወደ አገሩ ሊጽፍ ነው። ብረቱን ሲፈታው በመሃል የተቀባ ነገር አየ። ምንድን ነው ይላል።"

"ስሜን ለምን አልጠራህም?"

"እሱ ያላለውን ከየት ላምጣ? ወላሂ፣ ያለውን ነው ያልኩት።"

"አንተስ ስሜን ታውቀው የለም?"

አብዱልሀሚድ መሬት መሬት አየ። "ምን ልበለው?"

"ምንም አይደለም በለው። የእጄ እድፍ ነው። እሱ ጠርጎ ይደርበው።"

ወልደሩፋኤል ከጥፍሩ ሥር የደረቀውን ሙጫ ፍቆ ገሉ ውስጥ ጣለ። ምግቡን ሳይነካ መዶሻውን አንሥቶ ቁልቁለቱን ወረደ።