የፊልሞን ዘንዶ

ባህል አዳራሽ አካባቢ ባለችው ካፌ ወጣቶች አውሬ በተሳለባቸው ካርታዎች ይፋለማሉ። ዓምና የፊልሞን የዘንዶ ካርታዎች ሲመጡ ሁሉም ይንቀጠቀጥ ነበር። ዘንድሮ ጀማሪዋ ታቢታ እንኳ ሻይዋ ሳይበርድ አሸነፈችው። የዋንጫው ጨዋታ ደግሞ ነገ ነው።

«ጋሽ ተፈራ፣ ዘንዶዬን ምን ነካብኝ?» አለ ባለካፌውን፣ ሊያለቅስ ደርሶ።

«ዘንዶህማ ደህና ነው፣ ልጄ። አንተ ግን ባሸነፍክ ቁጥር ቸርች እንደቆመ ሰው ተነስተህ ትመሰክራለህ፤ መቼ እንደምታወጣው፣ ምን እንደሚጥለው ሳይቀር። እኛ ‹አሜን!› ስንል ታቢታ ታጠና ነበር።»

«ተባርኬበታለሁ፣ ወንድሜ» አለች ታቢታ።

ፊልሞን ብድግ አለ። «በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ ዝም! ነገ ዘንዶውን ትቼ በአንበሳ ነው የምገባው!»

ታቢታ ወንበሯን አስጠጋች። «በአንበሳ? እንዴት አድርገህ?»

ፊልሞን ጉሮሮውን ጠረገና ማስረዳት ጀመረ።