ሬምስ የወረደ ለት

መለሰ እልኸኛ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት በጎንደር ሆስፒታል ላቦራቶሪ የሰው ደም ሲመረምር ኖሮ የራሱን ደም ማብረድ ያቃተው ሰው እያሉ ያሙታል። ሐሜቱም እውነት ነው። ከባዬ ጋር ስምንት ዓመት ሙሉ ቃል አልተለዋወጠም።

ባዬ ማለት ደግሞ እንዲያው ወዳጅ ብቻ አይደለም። በደርግ ጊዜ ሁለቱ ለትምህርት ፈረንሳይ ተልከው፣ መለሰ ሬምስ ከተማ የደም ምርመራ፣ ባዬ ሜትዝ ከተማ የኤክስሬይ ጥገና ተምረዋል። ለሁለት አንድ ካፖርት ነበራቸው። ቅዳሜ ሲሆን ካፖርቱ ያለው በባቡር ወደ ሌላው ይሄድና፣ ስታዲየም ገብተው ዝናብ እየወረደባቸው በየከተማቸው የኳስ ቡድን ሲሰዳደቡ ያመሻሉ። ያኔ ሜትዝ በላይኛው ዲቪዚዮን ነበር፤ ሬምስ በታችኛው። "አንተ የታች ሰው ነህ፤ ካፖርቱ ለእኔ ነው የሚገባ!" ይለው ነበር ባዬ። ወይ ጊዜ! መለሰ ያን ብርድ ባስታወሰ ቁጥር ዛሬም ሆዱ ይባባል።

ያጣላቸው የባዬ ሚስት የየትነበርሽ ሞት ነው። ደሟን የመረመረው መለሰ ነበር። በሽታው የማይድን መሆኑን ሲነግራት፣ "ለባዬ ትንፍሽ ብትል በሰማይ እፋረድሃለሁ" ብላ አስማለችው። መሐላ ነውና አፉን ዘጋ። ዓመት ሙሉ ከባዬ ጋር ሲበላ፣ ሲጠጣ፣ ሲስቅ ከርሞ፣ እሷ ስትሞት ነገሩ ወጣ። ባዬ በለቅሶው ድንኳን፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ "እያወቅህ ስትስቅብኝ ከረምህ! ውጣልኝ!" ብሎ አባረረው። ከለቅሶ መባረር! ጠላት እንኳ ከለቅሶ አይባረርም እኮ። ከዚያ ወዲያ ሽማግሌ ቢላክ ቢመላለስ፣ "በዳዩ እሱ ነው፤ ድንጋዩን እሱ ይሸከም" ይላል ይሄም ያም። በወጉ መሠረት በዳይ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ተበዳይ ደጅ ካልሄደ እርቅ የለማ። የመለሰ ሆድ ባዬን ይናፍቃል፤ አንገቱ ግን አልታጠፍ አለ።

በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ላይ እንግዲህ ሬምስ በላይኛው ዲቪዚዮን ከመጨረሻ ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰ። በፈረንሳዮች ደንብ እንዲህ የጨረሰ ወዲያው አይወርድም። ከታችኛው ዲቪዚዮን ለመውጣት ከሚታገል አንድ ቡድን ጋር በደርሶ መልስ ይጋጠማል፤ ያሸነፈ ላይ፣ የተሸነፈ ታች። ያ ከታች የመጣው ቡድን ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሜትዝ!

ይህን የመለሰ ልጅ መቅደላዊት ለሁለቱም ንስሐ አባት ለቄስ ወልደኢየሱስ አጫወተቻቸው። ቄሱ ከኳስ ጋር ትውውቅ የላቸውም፤ ሁለት ግትር ሽማግሌ ማስታረቅ ግን ሰልችቷቸዋል። "በቃ፣ ቡድኑ የተሸነፈበት ድንጋዩን ይሸከማል" አሉ መለሰን ቤቱ ድረስ መጥተው። "ምነው ትስቃለህ መለሰ? ማትያስስ ከሐዋርያት የተቆጠረው በዕጣ አይደለም?" ባዬ ጡረታ ወጥቶ ትውልድ ቀየው ኮሶዬ ገብቶ ነበርና፣ እዚያው ደውለው አስማሙት።

የመጀመሪያው ጨዋታ ሜትዝ ላይ አንድ ለአንድ አለቀ። መልሱ ሬምስ ላይ፣ በዕርገት በዓል ማታ ሆነ። መቅደላዊት ኮምፒውተሯን ለአባቷ ከፈተችለት። ዘጠናው ደቂቃ አሁንም አንድ ለአንድ። ሰዓት ተጨመረ፤ በተጨመረውም ሜትዝ ሁለት አገባ። አለቀ፣ ሬምስ ወረደ።

"በዕርገት ቀን ይወረዳል እንዴ አባዬ?" አለች ልጁ ሳቋ እያመለጣት።

"ዝም በይ አንቺ!"

ጧት ተነሥቶ ቄሱ ዘንድ ደወለ። "አባቴ፣ መደበኛው ሰዓት እኮ እኩል ነው። ተጨማሪው አይቆጠርም!"

"ድንጋይህን አንሣ" አሉና ስልኩን ዘጉበት።

ከአጥሩ ጀርባ ያለውን ድንጋይ ሁሉ አገላብጦ፣ ሲያዩት ትልቅ ሲያነሡት ቀላል የሆነ፣ ቀዳዳ የበዛበት አንዱን መረጠ። እንደ ትኩስ ዳቦ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሚኒባስ ተሳፈረ። ረዳቱ ጥቅሉን ነካ ነካ አደረገና፣ "ፋዘር፣ ኮሶዬ ድንጋይ ጠፋ እንዴ?" ቢል ተሳፋሪው በሳቅ ፈረሰ። መለሰ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አለ።

ኮሶዬ ሲወርድ ጉም ነበር። ባዬ ደጁ ላይ ተቀምጧል። አቤት እንዴት አርጅቷል! መለሰ ስምንት ዓመት ሙሉ በሐሳቡ የተጣላው ከጎልማሳው ባዬ ጋር ነበር። ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።

"ባዬ፣ ማረኝ። ልነግርህ ስንት ቀን አፌን ከፍቼ ዘጋሁ መሰለህ። አስምላኝ ነው።"

ባዬ ተነሥቶ ድንጋዩን አወረደለት። በእጁ መዘን አደረገውና፣ "ይቺን ነው የመረጥህ?" አለ።

መለሰ በኀፍረት ዐይኑን ሰበረ። ያን ጊዜ ነው ከባዬ መቀመጫ አጠገብ የወፍጮ ድንጋይ የሚያክል ጥቁር ድንጋይ ያየው። "ያ ምንድን ነው?"

"ብሸነፍ የምሸከመው።"

መለሰ ሊያነሣው ሞከረ፤ ንቅንቅ አላለም። "አብደሃል? ይህን ተሸክመህ ጎንደር ድረስ?"

"ከለቅሶ አባርሬሃለሁ እኮ መለሰ። ታዲያ ጠጠር ይዤ ልምጣ?" ባዬ ጥቁሩን ድንጋይ በእግሩ ነካ አደረገ። "አርባ ዓመት ሜትዝ ሜትዝ ያልሁ ሰው፣ ትናንት እንዲሸነፍ ስጸልይ አመሸሁ። እኔ ልመጣ ነበር የፈለግሁ።"

መለሰ ለየትነበርሽ ያላለቀሰላትን ለቅሶ፣ ስምንት ዓመት ዘግይቶ፣ እዚያው ደጅ ላይ አለቀሰ፤ ባዬም አጠገቡ ቁጭ ብሎ አብሮት አለቀሰ።