አራተኛው ቀዳዳ

ሕሊና ከሞተር አናት የተፈታው ቴስታታ ላይ ያሉትን አራት የአየር መግቢያ ቀዳዳዎች በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ አደረገቻቸው። የሦስቱ ድምፅ ድፍን ነው፤ አራተኛው ግን እንደ ባዶ ጣሳ ጮኸ።

አይ ሕሊና! የመጀመሪያውን ቀዳዳ ብቻ ለክታ፣ "ሌሎቹም ያው ናቸው" ብላ ቀዳዳዎቹን በሚያሰፋው አዲስ ማሽን ኮምፒዩተር ላይ ኮፒ አደረገችው። ቴስታታው ግን የያርጋል አሮጌ ጭነት መኪና ነው፤ ገና ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ አራተኛው ቀዳዳ ወደ ጎን ሸሸት ብሏል። ማሽኑ ምን ያውቃል? መቁረጫው በአምስት አቅጣጫ እየተጠማዘዘ የታዘዘውን ቆርጦት አረፈ። የአራተኛው ቀዳዳ ግድግዳ ሳሳ፤ ከጀርባው የሚያልፈው ደግሞ ውኃ ነው። ከተሰነጠቀ ውኃው ሞተሩ ውስጥ ይገባና መኪናዋ ቧሂት ዳገት ላይ ቀጥ ትላለች።

"ማን ያየዋል?" አለ የጋራዡ ባለቤት ላቀው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ግጠሚውና ይሂድ።"

"ጋሼ፣ ያርጋል በዚያ ዳገት እህቱን ከመካነ ብርሃን ለወሊድ ሊያመጣ እኮ ነው! ወሯ ገብቷል።"

"ለጥቂት ወር ይይዛል። በመጀመሪያ ሥራችን ስማችን ከጠፋ ለዚህ ማሽን ማን ይመጣለታል? አንቺስ የት ልትሠሪ ነው?"

ፈራች። ደባርቅ ውስጥ እንዲህ ያለ ማሽን ሌላ የለም፤ ይህን ሥራ ለማግኘት ደግሞ ሁለት ዓመት ደጅ ጠንታለች።

ያርጋል እጁን በጨርቅ እየጠረገ ገባ። "ሕሊናዬ፣ አለቀ? ዛሬ ከገጠማችሁልኝ ነገ በጠዋት እነሣለሁ። እህቴ አበባየሁ ከትናንት ጀምሮ ወገቤን እያለች ነው አሉኝ።"

"አልቋል!" አለ ላቀው፣ ሕሊናን በዓይኑ እየጠቀሰ።

ሕሊና የካቻቢቴውን ጫፍ አራተኛው ቀዳዳ ውስጥ አስገባችና በመዶሻ አንዴ መታችው። ጧ! ግድግዳው ተበሳ።

"አብደሻል እንዴ አንቺ!" ላቀው ጮኸ።

"ተበላሽቶ ነበር፣ ያርጋል" አለች። "ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሳልለካ ቆረጥኩት። እንዳይገጠምልህ ነው የበሳሁት።"

ያርጋል ራሱን ይዞ ቴስታታው አጠገብ ቁጢጥ አለ። "እህቴስ? እህቴን በምን ላምጣት?"

የላቀው ፒክአፕ ደጅ ላይ ቆማለች። ቁልፏ እንደ ወትሮው ከበሩ አጠገብ ምስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ሕሊና ወደ ላቀው ሳትዞር ቁልፉን አወረደችና ያርጋል መዳፍ ላይ አስቀመጠችው።

"ነገን አትጠብቅ" አለችው፤ "አሁኑኑ ሂድ።"