የሲቲ የመሰናበቻ ምሳ

አስካለማርያም የቱርኩን ምግብ ቤት በር ከፍታ አንድ እግሯን እንዳስገባች ድንገት ቆመች።

"ሲቲ፣ ይኼ የእስላም ቤት አይደለም እንዴ?"

"ቱርኮች ናቸው። ግቢ እንጂ፣ ብርድ አስገባሽባቸው" አለች ሲቲ ከኋላ እየገፋቻት።

በሰማንያ ሁለት ዓ.ም. ለንደን፣ ክሮይደን፣ የስደተኞች መሥሪያ ቤት ሰልፍ ላይ ከተዋወቁ ወዲህ ሁለቱ አንድ ቢሮ ያጸዳሉ፤ በአንድ አውቶቡስ ይመላለሳሉ። በእነዚህ ስድስት ዓመታት አስካለ ሲቲ ቤት ከሻይና ከዳቦ ያለፈ ቀምሳ አታውቅም፤ ሲቲም አስካለ ቤት እንዲሁ። ነገ ሲቲ ጠቅልላ ባሏ ሥራ ወዳገኘበት ማንችስተር ልትሄድ ነው። "ሳንቋረስ አንለያይም" ብላ ምሳ ጋበዘቻት።

ሰቨን ሲስተርስ መንገድ ላይ ደግሞ ምግብ ቤት ሞልቷል። ቻይናውን ሲቲ አሳማ ፈርታ አለፈችው ይባል፤ ህንዱና ጣሊያኑ ግን ምን ሆነው ነው? ሁሉንም "እሱ ይቅር፣ እሱ ይቅር" እያለች በቀጥታ እዚህ አመጣቻት። አስካለን የከነከናት ይኼ ነው። ጎረቤቷ ፀሐይወርቅ "ሳታውቂ ያበሉሽና ይስቁብሻል" ብላት ነበር። ትናንት ስቃ ያለፈችው ወሬ አሁን ሆዷ ገባ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ!

እንደተቀመጡ ሲቲ ብድግ ብላ ወደ ወጥ ቤቱ በር ሄደችና ለባለቤቱ አንድ ነገር አንሾካሾከችለት። ሰውየው አስካለን ዞር ብሎ አያትና ራሱን ነቀነቀ።

"ምን አልሽው?" አለች አስካለ፣ ሲቲ ገና ሳትቀመጥ።

"ኦርደር አደረግኩ።"

"እኔ ሜኑውን ሳላየው?"

"ጋባዧ እኔ አይደለሁ?"

"የእስላም ሥጋ እንደማልበላ ታውቂያለሽ።"

ሲቲ ፈገግ አለች። "ካንቲን ዶሮ ስትበዪ ግን ማን አረደው ብለሽ ጠይቀሽ አታውቂም።"

"እሱማ የፈረንጅ ነው!"

"ፈረንጁ በስመ አብ ብሎ ነው የሚያርደው?"

አስካለ ይብስ ተናደደች። እያለሳለሰች ልታበላኝ ነው አለች በልቧ።

ቲማቲም የፈሰሰባቸው ሁለት ሳህኖች መጡ። አስካለ በሹካዋ ቲማቲሙን ገለጠች፤ ከሥሩ ያለውን ገለባበጠች፤ ጎንበስ ብላ አሸተተች። ነጭ ሥጋና ቀጭን እሾህ ወጣ። ዓሣ ነበር።

"አሁንም ቼክ እያደረግሽ ነው?" የሲቲ ድምፅ ተለወጠ። "ከትናንት ወዲያ መጥቼ ባለቤቱን ለመንኩት። ሥጋ የነካው መጥበሻ እንዳይሆንብሽ አዲስ ገዝቼ ሰጠሁት። ሌሎቹ ጋም ጠይቄ ነበር፤ እሺ ያለኝ እሱ ብቻ ነው።"

"ታዲያ አንቺ ለምን ሥጋ አላዘዝሽም?"

"አንቺ ፊት? ወላሂ አይወርድልኝም።"

አስካለ አፈረች። ስድስት ዓመት የምታውቃትን ሴት ትታ የፀሐይወርቅን አፍ ማመኗ አንገበገባት። ሲቲ አንገቷን ደፍታ ሹካዋን ትነካካለች፤ አልጎረሰችም።

አስካለ የራሷን ዓሣ አንስታ ሲቲ ሳህን ላይ ገለበጠችና አስተናጋጁን ጠራችው። ባዶውን ሳህን አቀበለችው፤ ከሲቲ እጅ ሹካውን ወስዳ ከራሷ ጋር ጨመረችለት።

"ውሰደው" አለችው በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ። "አንድ ሳህን ይበቃናል።"