ዳቦ ቤቱ ያልሸተተ ዕለት

ነጭ በትሩ ከማያውቀው ብረት ጋር ተላተመና ሰውዬው ባለበት ቆመ። እጁን ዘርግቶ ዳሰሰው። የቆርቆሮ በር ነው፤ በሩ ላይ ወፍራም ሰንሰለት ተንጠልጥሏል። በዚህ መንገድ አሥራ ስምንት ዓመት ሲመላለስ እንዲህ ያለ በር ገጥሞት አያውቅም። ከዚህ የቀለለ መንገድ ደግሞ የለም። ሰፊውን አስፋልት ከተሻገሩ በኋላ ግንቡን በበትር እየነኩ ቀጥ ብሎ መሄድ፣ ዳቦ ቤቱ ሲሸት መታጠፍ፣ ከዚያ መቶ ሃያ እርምጃ ቆጥሮ መሥሪያ ቤት መግባት ነው። ዛሬ ግን ዳቦ ቤቱ አልመጣም።

«ዘግተውት መሆን አለበት» ብሎ አሰበ። በዚህ ሰሞን የማይዘጋ ነገር የለም፤ ፀጉር ቤቱም፣ ሻይ ቤቱም፣ ትምህርት ቤቱም ተዘግቷል። ዳቦ ቤት ይዘጋል የሚል ወሬ ግን ከማንም አልሰማም።

«ሰው አለ?» አለ ጮክ ብሎ።

መልስ የለም። ወረርሽኙ ከገባ ወዲህ የእግረኛው ጠባይ ይኸው ነው። ዓይነ ስውር ሲመጣ ካየ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ፣ ጥጉን ይዞ ሹልክ ይላል። ክፋት አይደለም፤ ፍርሃት ነው። ብቻ ለሚያይ ሰው ዝም ያለም ሰው ያው ሰው ነው፤ ለማያይ ግን ዝም ያለ ሰው የለም ማለት ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ «ራዳር» ለሚሉት ለዚህ ሰው ከተማው ባዶ ከሆነ ወር አልፎታል።

«ዳቦ ቤቱ ዛሬ አልከፈተም ወይ?»

«ኧረ ከፍቷል» አለ ራቅ ካለ ቦታ አንድ የወንድ ድምፅ። «አልፈውት መጥተዋል እኮ። ከኋላዎ ነው፣ ያውና ሰው ተሰልፏል። ትኩስ እየወጣ ነው።»

ራዳር ዞሮ ሠላሳ እርምጃ ያህል ተመለሰ። አዎ፣ ሰልፉ አለ። ወረቀት ይንኮሻኮሻል፣ የምድጃው በር በኃይል ሲዘጋ ይሰማል፣ ሙቀቱም ፊቱን ይገርፈዋል። ጭምብሉን ወደ አገጩ አውርዶ አየር ሳበ። አየሩ ገባ፣ ወጣ፤ ምንም ይዞ አልመጣም።

«ሰውዬ፣ አፍንጫህን ሸፍን እንጂ!» አለ ከሰልፉ አንዱ።

ሸፈነ። ያኔ ነው ልቡ ድንግጥ ያለው። ሬዲዮው በቀን አሥር ጊዜ የሚለፍፈውን ያውቀዋል፤ ሳል፣ ትኩሳት፣ ሽታና ጣዕም ማጣት። ጠዋት ሻዩ ሙቅ ውኃ ሲሆንበት የስኳሩን ጥራት አማርሮ ነበር። ሳሙናውንም «ዘንድሮ ሁሉ ነገር ማጭበርበር ሆኗል» ብሎ ረግሞታል። ለካ ሳሙናው ደህና ነው።

መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ዘበኛው እንደ ወትሮው ተቀበለው።

«ጋሽ ራዳር፣ እጅ ወዲህ» ብሎ አልኮሉን ረጨለት።

ራዳር ሁለት እጁን አፍንጫው ድረስ አነሣ። ቅዝቃዜው ብቻ ነው የተሰማው።

«አንተ፣ ይኼን አልኮል ውኃ ቀላቀልክበት እንዴ?»

«ኧረ ጋሼ! እኔ እንኳ ከሩቁ ዓይኔን እያቃጠለኝ ነው።» ከዚያ የሙቀት መለኪያው ግንባሩ አጠገብ ጢጥ አለ። «ሠላሳ ስድስት ነጥብ አራት። ከእኔ ይሻላሉ። ይግቡ።»

ገባ። ማሽኑ ደህና ነህ ካለው ሰው ማን ይከራከረዋል? የስልክ ኦፕሬተሩ ክፍል ምድር ቤት፣ ከኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ናት፤ ከእሱ በቀር የሚቀመጥባት የለም። ገብቶ በሩን ከውስጥ ቆለፈ፣ መስኮቱን ከፈተ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ስልኩ ሁለት ጊዜ ጠራ። የመጀመሪያውን ከጥገና ክፍል፣ ሁለተኛውን ከሂሳብ ክፍል ጋር አገናኘ። የእሱ ድምፅ ምንም አልተለወጠም።

እዚህ ወንበር ላይ እንደገና ለመቀመጥ የተጣላውን ጠብ እሱ ነው የሚያውቀው። ወረርሽኙ እንደገባ «አካል ጉዳተኛና ዕድሜው የገፋ ሠራተኛ ቤቱ ይቆይ» የሚል ደብዳቤ ወጣና አሥራ ዘጠኝ ቀን አንዲት ክፍል ውስጥ ተቀመጠ። ሰው ቤት ሲውል ግድግዳ ሲያይ ዋለ ይባላል፤ እሱ ለዚያም አልታደለም። እህቱ ከሌላ ከተማ እሑድ እሑድ ትደውላለች፤ ከእሑድ እስከ እሑድ ያለው ግን ረጅም ነው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሬዲዮው «እንደምን አደራችሁ አድማጮቻችን» ሲል «ደህና፣ እናንተስ?» ብሎ ሲመልስ ራሱን ሰማው። እውነቱን ለመናገር ከበሽታው ይልቅ ያን ቀን ነው የፈራው። በሃያኛው ቀን በትሩን ይዞ አለቃው ቢሮ ገባ። ሁለቱ በአንድ ዘመን የተቀጠሩ ስለሆኑ በመካከላቸው አንተ አንቱ የለም።

«ዓይኔ እንጂ እግሬ ምን ሆነ? ለእናንተ ያልተከለከለ መንገድ ለእኔ ለምን ይከለከላል?»

«ለጤናህ ብለን ነው።»

«የጤናዬን ነገር ለእኔ ተዉልኝ።»

ሦስት ቀን ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ አለቃው እንዲህ የሚል አንድ ወረቀት አዘጋጀ። በራሴ ፈቃድ መጥቻለሁ፤ የታመምኩ ዕለት ቤቴ እገባለሁ፤ በሽታው ጨርሶ ሳይጠፋ ልመለስ አልልም። ራዳር አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ጫነበት። እና እንግዲህ ዛሬ ዝም ካለ ወንበሩ የእሱ ነው። የሆዱን በሆዱ ይዞ፣ በሩን ቆልፎ ቢሠራ ማንን ይጎዳል?

አንድ ሰው አለ። እሷን ከሐሳቡ ሊያወጣት ቢታገል አልሆነለትም።

ዓይነ ስውር ሰፊ መንገድ የሚሻገረው የሰው ክርን ይዞ ነው። ወረርሽኙ ሲመጣ ደግሞ ለሕዝቡ «በክርናችሁ ውስጥ አስሉ» ተባለ፤ ጥቂት ቆይቶ ሰላምታውም በክርን ሆነ። ስንት የሰው አካል ሞልቶ ሳለ ሳሉም ሰላምታውም እሱ የሚይዛት አንዲት ቦታ ላይ መውደቁ ራዳርን ያስቀውም ያናድደውም ነበር። ወደ ሥራ የተመለሰ ዕለት አስፋልቱ ዳር ግማሽ ሰዓት ቆመ። የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው የሚለው ተረት ራሱ የታመመ መሰለው። ከዚያ አንዲት ሴት መጣች።

«ጋሼ፣ ልያዝዎት?»

«አትፈሪም?»

«ልብስ አጣቢ ነኝ። እጄ ከጠዋት እስከ ማታ ሳሙና ውስጥ ነው፤ ከእኔ የጸዳ ሰው ከየት ያገኛሉ?»

አሥር ጠዋት አሻገረችው። ባንኩ አጠገብ ያለው ላውንደሪ እንደምትሠራ፣ ሳምባቸውን የታመሙ አባቷ አልጋ ላይ እንደዋሉ፣ ጠዋት አጥባ አልብሳቸው እንደምትወጣ፣ ከእሷ ሌላ ሰው እንደሌላቸው፣ ይህን ሁሉ በአርባ እርምጃ መንገድ፣ በአሥር ቀን፣ ቁርጥራጩን እየሰበሰበ ሰማ። ስም ግን አልተጠያየቁም። ለስም የሚሆን ርዝመት ያለው መንገድ አልነበረም። ሌላ የሰው አካል የነካበት ቀን ትዝ አይለውም፤ ለዚያ ክርን ሲል ነበር ከሰዓቱ ቀድሞ የሚነቃው።

የላውንደሪውን ቁጥር ፍለጋ አላስፈለገውም። መሥሪያ ቤቱ መጋረጃ የሚያሳጥበው እዚያ ነው፤ ከሌሎች አራት መቶ ቁጥሮች ጋር ጭንቅላቱ ውስጥ ተቀምጧል። ደወለ። የላውንደሪው ባለቤት አነሣ።

«እዚያ የምትሠራ፣ አባቷ የታመሙባት ሴት ነበረች...»

«ምን ፈለጉ?»

ድምፁ ቆጣ ያለ ነው። እውነቱን ቢነግረው ሴትዮዋ ቀትር ሳይደርስ ከሥራ ትባረራለች። «ዣንጥላዋን መንገድ ላይ ጥላው አግኝቼ ነው» አለ ራዳር። ውሸት እንዲህ ፈጥኖ እንደሚመጣለት አያውቅም ነበር።

«ዣንጥላ የለኝም እኮ። ማን ልበል?» አለች እሷ ስልኩን ተቀብላ።

«ጠዋት የምታሻግሪኝ ሰውዬ ነኝ።»

ሳቀች። «ጋሼ! ደግሞ ቁጥሩን ከየት አመጡት?»

«እህቴ፣ ስሚኝ። ዛሬ ዳቦ ቤቱ አልሸተተኝም። የአልኮሉም ሽታ የለም። በሽታው ሳይዘኝ አይቀርም።»

ከበስተኋላዋ ማጠቢያ ማሽኑ ይንደቀደቃል። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ለማን ነገሩ?»

«ለማንም። መጀመሪያ ለአንቺ ነው።»

«እንግዲያው ለማንም እንዳይነግሩ።»

«እንዴት?»

«እርስዎን ማን ነካዎት ብለው ይጠይቃሉ። እኔን ለይቶ ማቆያ ሲወስዱኝ አባቴን ማን ያገላብጠዋል? አሥራ አራት ቀን ብቻውን ሊተኛ ነው?»

«እኮ ለእሳቸው ብዬ ነው። በዚያ ሳምባ ላይ ይኼ ቢጨመር...»

«የአባቴን ነገር ለእኔ ይተዉልኝ። ጭምብል አደርጋለሁ፣ ኩሽና እተኛለሁ። ብቻ ስሜን እንዳይሰጡብኝ።»

«ስምሽን መቼ አወቅኩት?»

«እንኳን አላወቁት» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ባለቤቱ እንዲሰማ፣ «አይ፣ ዣንጥላው የእኔ አይደለም» ብላ ዘጋችው።

ራዳር ማዳመጫውን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ቆየ። ለእኔ ተዉልኝ። ይህን ቃል እሱም ብሎታል፤ ያውም በኩራት። አለቃው ሲሰማው ምን ተሰምቶት እንደነበር አሁን ገባው። ፍርሃቷ እውነት ነው፤ ሊፈርድባትም አልቻለም። ግን እሱ ስለ ራሱ ሳምባ ነበር የተከራከረው። የሽማግሌውን ሳምባ ግን እሳቸውን ሳይጠይቁ ሁለት ሰዎች ጠዋት ጠዋት አስፋልት ላይ ተጫውተውበታል። እስከ ማታ ደግሞ የስንት ሰው አንሶላ በእጇ ያልፋል?

የአለቃውን የውስጥ መስመር ነካ።

«የፈረምኩት ወረቀት የት ነው?»

«መሳቢያዬ ውስጥ። ምነው?»

«አውጣው። ቀኑ ደርሷል።»

አለቃው ብዬህ አልነበር ቢለው ራዳር መልስ አዘጋጅቶ ነበር፤ ቢናደድበት ይቀለው ነበር። «አይ ራዳር» ብቻ አለው፤ እንደ ታላቅ ወንድም። «ከክፍልህ አትውጣ። ጤና ቢሮ ደውል፤ እስኪመጡ ሰው ወደዚያ አላስጠጋም።»

የጤና ቢሮው መስመር ሙዚቃ እያሰማ አቆየው። አሥራ ስምንት ዓመት ሰውን «ይጠብቁ» ሲል ኖሮ መጠበቅ ይህን ያህል እንደሚረዝም ዛሬ አወቀ። በመጨረሻ ፈጠን ፈጠን የምትል ልጅ አነሣች። ስሙን፣ ዕድሜውን፣ ሕመሙ የጀመረበትን ቀን ጠየቀችው። የኮምፒውተሩ ቁልፍ ከእያንዳንዱ መልስ በኋላ ይንጣጣል።

«ከማን ጋር ነው የሚኖሩት?»

«ብቻዬን።»

«የሚሠሩትስ?»

«እሱንም ብቻዬን።»

«እሺ። የቅርብ ንክኪ ያለው ሰው...» አለችና ትንሽ ቆመች። «ብቻዎን ከሆኑ "የለም" ልበለው አይደል?»

እንዲህ ቀላል ነው። እንዲያውም ልጅቷ ራስዋ ልትጽፍለት ነው። ብቻውን የሚኖር ዓይነ ስውር፣ ሰው ሰውን በሚሸሽበት ዘመን፣ ማን ነካው ብሎ የሚጠረጥር የለም። «የለም» ቢል ውሸት ነው የሚለው አንድ ሰው አይገኝም።

«አለች» አለ። «አንዲት ሴት አለች። አሥር ጠዋት ክርንዋን ይዣለሁ።»

«ስሟ?»

«አላውቀውም። የሥራ ቦታዋን ስልክ አውቃለሁ። ግን ከቁጥሩ በፊት አንድ ነገር ጻፊልኝ። ቤት ውስጥ ብቻቸውን የተኙ፣ ሳምባቸውን የታመሙ አባት አሏት። እሷን ስትወስዱ ለእሳቸው ሰው ሳትልኩ እንዳትወስዱ።»

«ቅጹ ላይ እንዲህ የሚል ቦታ የለውም፣ ጋሼ።»

«"ሌላ" የሚል የለውም? ሌላ የማይል ቅጽ አይቼ አላውቅም።»

ልጅቷ ሳቋ አመለጣት። «አለው።»

«እሱ ላይ ጻፊው። ከዚያ አንብቢልኝ።»

ጻፈች፤ አነበበችለት። «ብቻቸውን» የሚለውን ዘላው ስለነበር አስጨመራት። ከዚያ ቁጥሩን፣ ለደንበኛ እንደሚናገረው ሁሉ፣ አንድ በአንድ ነገራት።

«አመሰግናለሁ። መኪና ይመጣልዎታል» አለች። «ደግሞ አይስጉ፤ ማን እንደጠቆማት አንናገርም። ምስጢር ነው።»

ራዳር ይህን አላሰበም ነበር። ሴትዮዋ አስፋልቱን አብረን ስንሻገር ያየን ሰው ነው የነገረብኝ ብላ ልታስብ ትችላለች። ሽማግሌው ከተረፉ፣ በሽታው ከጠፋ፣ አንድ ቀን ጠዋት መንገዱ ዳር ቆሞ ሳለ ሰው ዝም ብሎ ሲያልፈው «ጋሼ» የሚል ድምፅዋ ሊመጣ ይችላል። ይህን ተስፋ በእጁ ይዞት ቢቆይ ደስ ባለው።

«አይሆንም» አለ። «ማን አሳልፎ ሰጠኝ እያለች ሰው ሁሉ ስትጠረጥር አትክረም። ስሜን አታውቀውም። ጠዋት ጠዋት መንገድ የምታሻግሪው ሰውዬ ነው የነገረን በሏት።»

ልጅቷ «እሺ» ብላ እሱንም «ሌላ» በሚለው ሥር ጻፈችው።