ሣራ ያልተጠየቀችበት መሠዊያ

ባሌ ቀራጺ ነው፤ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። እሱ ስለ ዘላለም ያስባል፣ እኔ ስለ ዚፕ። ቤቱን ያቆመው ግን ዚፑ ነው፤ ይህን ስናገር ፊቱ ይጠቁራል።

ቅዳሜ ጠዋት ክር ልገዛ ወጥቼ ስመለስ የስፌት መኪናዬ ከነእግሯ የለችም። ሰኞ የማስረክበው የተማሪዎች ዩኒፎርም ተቆርጦ ወንበሩ ላይ ተከምሯል። ለባሌ ስደውልለት፣ "አብርሃምም በማለዳ ሲነሳ ለሣራ አልነገራትም" አለኝ። ደሜ ፈላ። አብርሃም የወሰደው የገዛ ልጁን ነው፤ የእኔ ጉድ ግን የሰው ዕቃ ይዞ ነው መሥዋዕት የሚያቀርበው።

ከሰዓት የባሌ ኤግዚቢሽን ሲከፈት ደረስኩ። አዳራሹ መሀል የድንጋይ መሠዊያ፣ በላዩ መኪናዬ፣ ከእሷ በላይ በገመድ የተንጠለጠለ ቋጥኝ። የአዳራሹ ኃላፊ ነገሩን አስረዳችኝ። ባሌ ገመዱን በቢላ ሊቆርጥ ሲል ከተመልካቹ አንዱ "ተው" ይለዋል፤ ያ ሰው መልአኩ ነው። ማን እንደሚሆን አስቀድሞ ለማንም አልተነገረም፤ ጥበቡ እዚያ ላይ ነው አለችኝ።

"ማንም ባይልስ?"

"የኔ እመቤት፣ ሰው እኮ ነው። እያየ ዝም አይልም።"

ስንት ዓመት አብራቸው ሠርታ የጥበብ ሰዎችን አላወቀቻቸውም። ኤግዚቢሽን ላይ አንገት ዘንበል ይደረጋል እንጂ አፍ አይከፈትም።

ባሌ ነጭ በነጭ ለብሶ ቢላውን ገመዱ ላይ አሳረፈ። ስድሳ የሚሆነው ተመልካች ስልኩን አነሳ። ትንሽ ቆርጦ ዙሪያውን ቃኘ። ከፊት የቆመ አንድ ባለ ባርኔጣ ሃያሲ አገጩን ያዘ። ባሌ ደግሞ ቆረጠ፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ማቆም ፈልጓል፤ አሥራ ስድስት ዓመት አብሬው ስኖር ፊቱን ማንበብ አቅቶኝ አያውቅም። ግን ራሱ ቢተወው ሰው ምን ይለዋል? የልጆቼ ጉሮሮ በአንድ ገመድ ተንጠልጥሎ እሱ ስለ ስሙ ይጨነቃል።

"ተው" አልኩት። ድምፄን እንኳ ከፍ አላደረግኩም።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሃያሲው ወደ ኃላፊዋ ጠጋ ብሎ፣ "ተዋናይቷን ከየት አገኛችኋት?" አላት።

የአዳራሹን ዘበኛ ጠርቼ፣ ቋጥኙ እላያችን ላይ እየተወዛወዘ፣ መኪናዬን አወረድን። "በሉ እንግዲህ በጉ ይምጣ" አልኩ። በሩ አጠገብ ባሌ ሰባት ወር የለፋበት፣ ከጂፕሰም የሠራው የገዛ ራሱ ምስል ቆሟል፤ አንገትና ጭንቅላት ብቻ ነው፣ አፍንጫውን ትንሽ አሳምሮታል። አቅፌ አመጣሁና መሠዊያው ላይ አስቀመጥኩት።

"አሁን ቁረጥ" አልኩት።

ቢላውን ጣለው። "ኧረ በእግዚአብሔር ተዪ! ስንት የለፋሁበት ነው እኮ!"

መልአኩ መጣ ማለት ነው። ሃያሲው ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ይጽፍ ጀመር።

መኪናዋን ከዘበኛው ጋር ተሸክመን ስንወጣ ከዚያ ሁሉ ሰው "ላግዛችሁ" ያለን የለም። በሩ ጋ ስደርስ ዞር ብዬ አየሁ። ባሌ የጂፕሰም ጭንቅላቱን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ጆሮው እንዳልተሸረፈ በጣቱ እየዳበሰ ነበር። እኛን ቀና ብሎም አላየን።